«ነገ ቀጠሮ አለዎት» የሚለው ኤስኤምኤስ ለምን ሦስት ቀን ዘገየ? ከሲስተም ጀርባ ስላለው ወረፋ

ሐሙስ ጠዋት የአንዲት እናት ስልክ ላይ ኤስኤምኤስ ገባ። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት» ይላል። እሳቸው ያሉት ደብረ ብርሃን፣ ክሊኒኩ ያለው አዲስ አበባ። ዓርብ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ይዘው መጡ። ካርድ ክፍል ሲደርሱ ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየችና ዝም አለች። ቀጠሯቸው ማክሰኞ ነበር። የስኳር ሐኪሙ ደግሞ የሚገባው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ከራሴ አምጥቼ ነው እንዴ የመጣሁት? እናንተው ናችሁ ነገ ያላችሁኝ» አሉ ስልካቸውን እያሳዩ።

መድኃኒታቸው ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ደግነቱ ተረኛው ሐኪም አያቸውና ለጊዜው የሚሆን አዘዘላቸው። በዚያ ቀን እንደሳቸው የመጣ ሌላም ሰው ነበር።

እኛ ይህን የሰማነው ሲስተሙን ከሠራው ልጅ ነው። ጓደኛችን ነው፤ የሱንም የክሊኒኩንም ስም አንጽፍም። ዓርብ ከሰዓት ደውሎ «ኑና እዩልኝ፣ ጭንቅላቴ ዞሯል» አለን። ሄድን። ቫይረስ አልነበረም። ኔትወርክም አልነበረም። ከጀርባ የሚሠራ፣ ማንም የማያየው አንድ ፕሮግራም ሞቶ ነበር፤ መሞቱን ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ያወቀ የለም።

ኮዲንግ እየተማራችሁ ከሆነና የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁን ሰርቨር ላይ ልታወጡ ካሰባችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ኮድ የማይነካካችሁም ብትሆኑ «ኮዱ አልመጣልኝም» እያላችሁ ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ የምታውቁ ከሆነ መሃል ላይ የናንተም ጉዳይ አለበት።

ጁስ ቤቱና ወረቀቱ

ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ አዘዛችሁ እንበል። አስተናጋጁ ትዕዛዙን ወረቀት ላይ ይጽፍና ጁስ የሚሠራው ልጅ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። እሱ ራሱ ውስጥ ገብቶ አቮካዶ እየላጠ ቢሆን ኖሮ በር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

ዌብሳይትም እንደዚያው ነው። አንድ በተን ስትነኩ ሰርቨሩ በፍጥነት መልስ ሊሰጣችሁ ይገባል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ለነገ ቀጠሮ ላላቸው ሁሉ ማስታወሻ ላክ» የሚለውን ብትጫንና ሲስተሙ 300 ኤስኤምኤስ እዚያው ልላክ ቢል፣ አንዱ 2 ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ 10 ደቂቃ ይሆናል። ኢንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨር ካልነካካችሁት በቀር ከጀርባው መልስ የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ 504 የሚል ስህተት ያሳያችኋል። ልጅቷ ያልሄደ ይመስላትና እንደገና ትጫነዋለች። ገሚሱ ሰው ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል።

ስለዚህ ሥራው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ወረቀቱ ጆብ ይባላል። ወረቀቶቹ የሚደረደሩበት ኪው፣ ማለትም ወረፋ ነው። ወረቀቱን እያነሣ የሚሠራው ደግሞ ወርከር ይባላል። ወርከር ማለት ሰርቨሩ ላይ ሌት ተቀን ተከፍቶ የሚቆይ፣ «ሥራ አለ? ሥራ አለ?» እያለ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። ፒኤችፒ ላይ ላራቬል የራሱ አለው፤ ፓይተን የሚጽፉ ሴለሪ፣ ሩቢ የሚጽፉ ሳይድኪክ፣ ኖድ የሚጽፉ ቡልኤምኪው ይጠቀማሉ። ወረፋው የሚቀመጠው ተራ ዳታቤዝ ውስጥ፣ ሬዲስ ውስጥ ወይም ራቢትኤምኪው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስሙ ይለያያል እንጂ ችግራቸው አንድ ዓይነት ነው። እኛ የምናውቀው ላራቬልን ስለሆነና የክሊኒኩም ሲስተም በሱ የተሠራ ስለሆነ በሱ እንቀጥላለን።

በነገራችን ላይ የወረፋ ሒሳብ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ ሰው ኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ እየሠራ በ1909 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ስልክ ጥሪዎች ጽፎ ነበር። ጥሪዎቹ እንዴት እንደሚመጡና ምን ያህል መስመር እንደሚበቃቸው ነው ያሰላው። ኤሪክሰን ውስጥ የተፈጠረው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስሙ ኤርላንግ ነው፤ ራቢትኤምኪው የተጻፈው ደግሞ በዚሁ ቋንቋ ነው። ስልክ ዞሮ ዞሮ እዚህም አለ።

እሑድ ማታ መብራት ጠፋ

የክሊኒኩ ሰርቨር የተባለው ጥግ ላይ የተቀመጠ ያረጀ ዴስክቶፕ ነው፤ ኡቡንቱ ተጭኖበታል። እሑድ ማታ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ተነሣ። ኢንጂንኤክስ ተነሣ፣ ዳታቤዙም ተነሣ። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ስትከፍተው ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነው። ቀጠሮ ትመዘግባለች፣ «ማስታወሻው ወረፋ ገብቷል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣላታል።

ወርከሩ ግን አልተነሣም። ለምን? ጓደኛችን መጀመሪያ ሲስተሙን ያስገባ ዕለት ተርሚናል ከፍቶ፣ የላራቬልን ኪው ወርክ የሚባል ትዕዛዝ ኖሃፕ ከሚባለው ጋር አስጀምሮ፣ ተርሚናሉን ዘግቶ ሄደ። ኖሃፕ ተርሚናል ሲዘጋ ፕሮግራሙ አብሮ እንዳይሞት ያደርጋል። ያንን ብቻ ነው የሚያደርገው። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ማንም መልሶ አያስነሣውም። ለስድስት ወር መብራት ጠፍቶ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም፤ ጠፍቶ ያውቃል፣ ግን ዩፒኤሱ ይይዘው ነበር። ያን ዕለት የዩፒኤሱ ባትሪ አለቀ።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወረቀቱ ተከመረ። ሐሙስ ጠዋት ካርድ ክፍሏ «ሰው ቀጠሮውን እየረሳ ነው፣ መልእክቱ ይሄዳል ግን?» ብላ ደወለች። ጓደኛችን ገብቶ ወርከሩ እንደሌለ አየ፣ አስነሣው፣ ደስ አለውና ወደ ሥራው ተመለሰ። የሦስት ቀን ክምር በደቂቃዎች ውስጥ ወጣ። ሁሉም «ነገ» ይላል። ሰኞ የተጻፈው «ነገ» ሐሙስ ደርሶ ዓርብ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አሉ፤ ጓደኛችን መጀመሪያ ያየው አንዱን ብቻ ነበር። አንደኛው የወርከሩ መሞት ነው። ሁለተኛውና የባሰው መልእክቱ ከመላኩ በፊት «ይሄ ነገር አሁንም ልክ ነው?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ጆብ የተጻፈበት ሰዓትና የሚሠራበት ሰዓት ሁልጊዜ ይለያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ አንድ ሰከንድ ስለሆነ እንረሳዋለን። አሁን የሱ ጆብ ከመላኩ በፊት የቀጠሮውን ቀን ያያል፤ ካለፈ ምንም ሳይልክ ይወጣል። ጽሑፉም «ነገ» ማለቱን ትቶ ቀኑን በስሙ ይጠራል።

ዘበኛ ማቆም

ወርከሩን ሱፐርቫይዘር ለሚባል ፕሮግራም አስረከብነው። ሱፐርቫይዘር እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ሲሞት አይቶ ያስነሣል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣም አብሮ ያስነሣል። ኡቡንቱ ላይ በአንድ ትዕዛዝ ይጫናል። ኢቲሲ ከሚባለው ፎልደር ሥር ሱፐርቫይዘር፣ ከሱ ሥር ኮንፍ ዲ የሚባል ቦታ ላይ አንድ ትንሽ ፋይል ትጽፋላችሁ። (ስሞቹን እዚህ በፊደላችን እየጻፍናቸው ነው፤ ፋይሉ ላይ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፉት።)

ፋይሉ ከአሥር መስመር ብዙም አይበልጥም። ኮማንድ የሚለው ላይ ወርከሩን የሚያስነሣውን ትዕዛዝ ከነሙሉ አድራሻው ትሰጡታላችሁ። ኦቶስታርትና ኦቶሪስታርት ሁለቱም «ትሩ» ይሁኑ። ዩዘር የሚለው ላይ ሩት አትጻፉ፤ ዌብሳይቱ በሚሠራበት ተራ ተጠቃሚ ይሁን፤ አለበለዚያ ወርከሩ የሚፈጥራቸውን ፋይሎች ዌብሳይቱ መንካት ያቅተዋል፣ ከደኅንነት አንጻርም ጥሩ አይደለም። የሎግ ፋይል ስጡት፤ የሆነ ቀን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ታመሰግኑናላችሁ። ከዚያ ሱፐርቫይዘርን «አዲሱን ፋይል አንብብ፣ አድስ፣ አስጀምር» ትሉታላችሁ። ፋይሉን ጽፎ ይሄን መርሳት የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኦቶሪስታርት ማለት ለዘለዓለም ይሞክራል ማለት አይደለም። ወርከሩ ገና ሲነሣ ወዲያው ወዲያው ከወደቀ ሱፐርቫይዘር ሦስት ጊዜ ሞክሮ «ፌታል» ብሎ ይተወዋል። ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ዳታቤዙ ለመነሣት ሲዘገይ፣ ወርከሩ ቀድሞ ተነሥቶ ዳታቤዝ አጥቶ ሊወድቅ ይችላል። ስታርትሪትራይስ የሚለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው መፍትሔው። ሲስተምዲን የምትመርጡም ካላችሁ ይቻላል፤ ኡቡንቱ ላይ ቀድሞውኑ አለ፤ ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደሚተው የሚወስን ገደብ እሱም ጋ አለ።

ስንት ወርከር ይበቃል? ነምፕሮክስ የሚለው መስመር ይህን ይወስናል። ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት ኮፒ አድርጎ 8 ይላል፤ የላራቬል ሰነድ ላይ ያለው ምሳሌ 8 ስለሚል ነው። እናንተ አስሉት። 3,000 ኤስኤምኤስ ካላችሁና አንዱ 2 ሰከንድ ከፈጀ፣ ለአንድ ወርከር 6,000 ሰከንድ ነው፤ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። አራት ብታደርጉት 25 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ ወደ ራም እንሂድ። አንዱ ወርከር 80 ሜጋባይት ቢይዝና ሰርቨራችሁ 1 ጊጋ ሆኖ ዳታቤዙና ሌላው ከወሰዱ በኋላ 400 ቢተርፋችሁ፣ አምስት ያስገባል ማለት ነው፤ ግን አፍ እስከ ገደፉ አይሞላም፤ ሦስት ወይም አራት ላይ አቁሙ። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ብዙ ራም የያዘውን ነው፤ ያ ደግሞ ዳታቤዛችሁ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ ሥራው ቪዲዮ ማሳነስ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚበላ ከሆነ፣ ካላችሁ ኮር በላይ ወርከር ማብዛት ምንም አያፈጥነውም። ኤስኤምኤስ መላክ ግን አብዛኛው ጊዜው መልስ መጠበቅ ስለሆነ ብዙ ወርከር ይጠቅማል፤ ኤስኤምኤሱን የሚያስተላልፍላችሁ ድርጅት በሰከንድ ይህን ያህል ብቻ ካላለ በቀር።

አንድ ሪፖርት ሦስት ጊዜ

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተስተካከለ ብለን ሻይ ልንጠጣ ስንል የክሊኒኩ ኃላፊ ደወሉ። የወሩ ሪፖርት ኢሜይል ላይ ሦስት ጊዜ ደርሷቸዋል። «ሦስቱም አንድ ናቸው፣ የቱን ልፈርምበት?» ይላሉ።

ይህኛው በኛ እጅ የመጣ ነው። በፊት አንድ ወርከር ስለነበረ አይታይም ነበር፤ እኛ ሦስት ስናደርገው ብቅ አለ። ይህን ነጥብ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ወርከር አንድ ጆብ ሲያነሣ ወረቀቱ ወዲያው አይቀደድም። «ተይዟል» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ለምን? ወርከሩ መሃል ላይ ቢሞት ሥራው እንዳይጠፋ ነው። ስንት ጊዜ ነው ግን «ተይዟል» የሚባለው? ላራቬል ላይ ሪትራይ አፍተር የሚባል ቁጥር ይወስነዋል፤ ካልቀየራችሁት 90 ሰከንድ ነው። 90 ሰከንድ አልፎ ሥራው ካላለቀ ወረፋው «ያነሣው ሞቷል» ብሎ ያስብና ለሌላ ወርከር ይሰጠዋል። ታይምአውት የሚባል ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ፤ እሱ ወርከሩ አንድ ጆብ ላይ ቢበዛ ስንት ሰከንድ መቆየት እንደሚችል ይናገራል፤ ካልነካችሁት 60 ነው። 60 ከ90 ስለሚያንስ እንደመጣ ብትተዉት ሰላም ነው።

ጓደኛችን የወሩ ሪፖርት 4 ደቂቃ ስለሚፈጅ ታይምአውቱን 300 አድርጎታል። 90ውን ግን አልነካውም። እንግዲህ ቁጠሩ፦ አንደኛው ወርከር ሪፖርቱን ጀመረ። በ90ኛው ሰከንድ ሁለተኛው ያንኑ ሪፖርት አነሣ። በ180ኛው ሦስተኛው አነሣው። ሦስቱም በሰላም ጨርሰው ሦስቱም ላኩ። ማንም አልተሳሳተም፣ ስህተት የሚል ሎግም የለም።

ሪትራይ አፍተር ሁልጊዜ ከታይምአውት በጥቂት ሰከንዶች መብለጥ አለበት። 300 እና 330 አደረግነው። ሱፐርቫይዘር ላይም ስቶፕዌይትሴክስ የሚል መስመር አለ፤ ወርከሩን «አቁም» ካለው በኋላ ስንት ሰከንድ ታግሦ በኃይል እንደሚገድለው ነው። ካልጻፋችሁት 10 ሰከንድ ነው። 4 ደቂቃ የሚፈጅ ሪፖርት መሃል ላይ 10 ሰከንድ ምንም አይደለም፤ ይህንንም ከ300 በላይ አድርጉት።

አማዞን ኤስኪውኤስ የሚባለው አገልግሎትም ያው ነው፤ እዚያ ቪዚቢሊቲ ታይምአውት ይባላል፤ ካልቀየራችሁት 30 ሰከንድ ነው። የተለመደው ዓይነቱ አንድን መልእክት ቢያንስ አንድ ጊዜ አደርሳለሁ ይላል። ቢያንስ ነው ያለው። ሁለት ጊዜም ሊያደርስ ይችላል፤ በግልጽ ጽፎታል።

ሪፖርት ሦስት ጊዜ ቢደርስ ይሳቅበታል። ሥራው «ከዚህ ሰው 500 ብር ቁረጥ» ቢሆንስ? ለዚህ ነው ገንዘብ የሚነካ ጆብ ሁሉ የማይደገም መለያ ቁጥር ይዞ መሄድ ያለበት። ጆቡ ገና ሲጀምር «በዚህ ቁጥር የተቆረጠ አለ?» ብሎ ዳታቤዙን ይጠይቅ፤ ካለ ዝም ብሎ ይውጣ። ዳታቤዙ ላይም ያ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ከልክሉ፤ ሁለት ወርከር እኩል ቢጠይቁ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ሊያገኙ ስለሚችሉ።

ኮዱ አልመጣልኝም

ኮድ የማትጽፉ ልጆች፣ የናንተ ቦታ ይህ ነው።

አንድ አፕ ላይ ልትገቡ ስልክ ቁጥራችሁን ሰጣችሁ፣ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ይመጣል ተባላችሁ። አልመጣም። «እንደገና ላክ» ትነካላችሁ። አሁንም የለም። ሦስቴ አራቴ ትነካላችሁ። ከዚያ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ነገሩን ረስታችሁ፣ አራት ኮድ በአንዴ ድው ድው ድው ድው ይላል።

ኔትወርክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን አራቱ በአንዴ ከመጡ ወረፋውን ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው፦ የአፑ ባለቤት በዚያ ሰዓት ለ10,000 ደንበኛ የበዓል ቅናሽ መልእክት ልኳል። አንዱ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅና ሁለት ወርከር ቢኖር 2,500 ሰከንድ ነው፤ 41 ደቂቃ ግድም። የናንተ ኮድ ከዚያ ሁሉ ቅናሽ ኋላ ተሰልፏል። ኮዱ ደግሞ የሚያገለግለው 5 ደቂቃ ነው። «እንደገና ላክ» ባላችሁ ቁጥር ሰልፉ ላይ አንድ ሰው ጨመራችሁ ማለት ነው። ኮዶቹ ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን እያስገባችሁ «ተሳስቷል» ቢላችሁ አትገረሙ።

ለሠሪዎቹ፦ ኮድና ቅናሽ አንድ ሰልፍ ላይ አይቆሙም። ላራቬል ላይ ለወረፋ ስም መስጠት ይቻላል፤ ወርከሩን ሲያስነሡ «መጀመሪያ ሃይ የሚባለውን ጨርስ፣ ከዚያ ዲፎልት የሚባለውን» ማለት ይቻላል። ጥሩ ነው ግን አይበቃም። ቅድሚያ የሚሠራው ወርከሩ እጁ ባዶ ሲሆን ነው። ሦስቱም ወርከሮች የ4 ደቂቃ ሪፖርት ይዘው ከሆነ የናንተ አስቸኳይ ኮድ 4 ደቂቃ ይጠብቃል። ስለዚህ ለኮድ ብቻ የተመደበ፣ ሌላ ምንም የማይነካ አንድ ወርከር አቁሙ። ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይቀመጥ።

የቀሩት ትንንሽ ነገሮች

ኮዳችሁን አድሳችሁ ሰርቨር ላይ ስትጭኑ ወርከሩ አሮጌውን ኮድ ነው የሚሠራው። ሲነሣ ሚሞሪ ላይ የያዘውን ይዞ ነው የሚኖረው። ኪው ሪስታርት የሚለውን ትዕዛዝ መስጠት አለባችሁ፤ የያዘውን ሥራ ጨርሶ ይወጣል፣ ሱፐርቫይዘር በአዲሱ ኮድ ያስነሣዋል። «ስህተቱን አስተካከልኩ ግን አልተስተካከለም» ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ኪው ኮኔክሽን የሚለው ሴቲንግ ላይ «ሲንክ» የሚል ካለ ወረፋ የላችሁም። ሥራው እዚያው፣ ተጠቃሚው እየጠበቀ ነው የሚሠራው። ላፕቶፕ ላይ ስትሞክሩት ያምራል።

ያልተሳካ ጆብ ስንት ጊዜ ይሞከር? ሳይድኪክ ካልነካችሁት 25 ጊዜ ይሞክራል፤ በመሃል የሚጠብቀውን እያራዘመ 20 ቀን ግድም ይሄዳል። ላራቬል ግን ካልነገራችሁት አንዴ ሞክሮ ይተወዋል፤ ያልተሳኩትን ለብቻቸው አንድ ሰንጠረዥ ላይ ያስቀምጣል። ሰንጠረዡን አይተውት የማያውቁ ስንት ሰዎች እንዳሉ ብናውቅ ደስ ይለናል። ለኤስኤምኤስ ሦስት ሙከራ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ አድርገናል።

ሬዲስ የምትጠቀሙ ከሆነ ማክስሚሞሪ ፖሊሲ የሚለውን እዩት። «ሲሞላ ብዙም ያልተነካውን አጥፋ» ተብሎ ከሆነ ሲጠብብ የሚጠፋው ወረፋችሁ ሊሆን ይችላል። «ኖኢቪክሽን» ይሁን። ለትንሽ ፕሮጀክት ግን ተራ ዳታቤዝ ይበቃል፤ ላራቬል ራሱ ከ11ኛው ቨርዥን ጀምሮ አዲስ ፕሮጀክት ላይ የሚሰጣችሁ እሱን ነው።

ሰዓት! ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ ነው የሚሠሩት፤ ከኛ በ3 ሰዓት ይዘገያል። በሐበሻ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መልእክት እንዲላክ ፈልጋችሁ 3 ብትጽፉ የሚላከው 12 ሰዓት ጠዋት ነው፤ መጻፍ የነበረባችሁ 6 ነው። ጓደኛችን ይህን መጀመሪያውኑ ያውቀው ነበር፤ እኛ ነን የተሳሳትነው፤ ቅዳሜ ሙከራው ላይ።

ማን ይንገረን?

ሦስት ቀን ማንም ሳያውቅ ቆየ ብለናል። ስለዚህ አንድ ትንሽ የልብ ምት ሠራን። በየ5 ደቂቃው አንድ ጆብ ወረፋ ውስጥ ይገባል፤ ሥራው ሰዓቱን አንድ ቦታ መጻፍ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ሌላ ስክሪፕት ያንን ሰዓት ያያል፤ 15 ደቂቃ ካለፈው ለጓደኛችን ቴሌግራም ላይ መልእክት ይልካል። ወርከሩ «አለ ወይ» ብሎ ከመጠየቅ ይሻላል፤ ፕሮግራሙ ኖሮ ግን ተገትሮ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልሠራም። ወርከሩን ሆን ብለን ገደልነው፣ 15 ደቂቃ ጠበቅን፣ 20 ሆነ፣ ምንም የለም። የቴሌግራሙን መልእክት ራሱን በወረፋው በኩል እንዲሄድ አድርገነው ነበር። ወረፋው ሞቷል ብሎ የሚነግረን መልእክት ወረፋው ውስጥ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው። ሦስታችንም ተያየን። አሁን በቀጥታ ይልካል። ኮምፒውተሩ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ስክሪፕቱም አብሮ ስለሚጠፋ፣ እሱን የጓደኛችን ቤት ያለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አዛወርነው።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ካርድ ክፍሏን አስፈቅደን የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀልነው። እናንተም ሠርታችሁ ስትጨርሱ ሰርቨራችሁን ሪቡት አድርጉና ምንም ሳትነኩ ተቀመጡ፤ በእጃችሁ አንድ ትዕዛዝ እንኳ ከጻፋችሁ አልተስተካከለም ማለት ነው። መልሰን ሰካነው። ተነሣ። ዳታቤዙ ለመነሣት ዘገየ፣ ወርከሩ አንዴ ወደቀ፣ ሁለተኛ ወደቀ፣ በሦስተኛው ቆመ። ቀድመን ወረፋ ውስጥ ያስገባነው የሙከራ መልእክት ስልካችን ላይ ገባ፦ «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት።»

ሰኞ የደብረ ብርሃኗ እናት ስም ወረፋው ውስጥ ነበረ፤ መልእክቱም በሰዓቱ ሄደ። ካርድ ክፍሏ ግን አላመነችውም፤ ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለችላቸው።